ስለ ወንድሜ ጺምና ስለ ድርጅትዎ ማስክ

ለክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
የመተንፈሻ መሣሪያዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት፣
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ራስዎን ትራስ ላይ ባሳረፉ ቁጥር እስትንፋስዎ ሳይቆራረጥ እስከ ንጋት እንዲያደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞት በአደባባይ የማቀርበው በግል ከላክኋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ብቻ መልስ አግኝቶ፣ መልሱም ከዝምታው የባሰ ስለ ሆነብኝ ነው። የድርጅትዎን ስም እዚህ ያልጻፍሁትም ነጻ ማስታወቂያ እንዳይሆንልዎ ብዬ ነውና አይቀየሙኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ቄስ ባምላክ ይሄይስ በቁሐር ሚካኤል የሚያገለግሉ ካህን ናቸው። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቋረጣል፤ ደንግጠው ይባንናሉ፤ መልሰው ያንቀላፋሉ፤ ደግሞ ይቋረጣል። እንዲህ ያደረ ሰው ቀን ቆሞ መዋል አይችልም፤ ልቡም ውሎ አድሮ አይችለውም። ሐኪማቸው ሌሊቱን ሙሉ በማስክ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገውን ሲፓፕ የተባለውን መሣሪያ አዘዙላቸው፤ የሚስማማቸውን ማስክ መምረጥና ግፊቱን በትእዛዙ መሠረት ማስተካከል የእርስዎ ድርጅት ሥራ መሆኑን ነገሩን፤ እኛም አምነን መጣን። ቅሬታዬን በቁጥር የምዘረዝረው ለመርሳት እንዳይመችዎ ነው።

፩. ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ አቶ ሉቃስ ወንድሜን፣ ደረታቸው ላይ ከሚደርሰው ጺማቸው ጋር፣ ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ አፍንጫንና አፍን ሸፍኖ አገጭ ላይ የሚያርፈውን ትልቁን ማስክ መረጡላቸው። ሌላ ዓይነት እንዳለ ብጠይቃቸው «ሁሉም ሰው የሚወስደው ይኼንኑ ነው» አሉኝ። የማስኩ ጠርዝ ጺም ላይ ስለሚያርፍ አየሩ በጺሙ መሐል ሾልኮ ያመልጣል። እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በፎገራ ሜዳ ቱቦና ፓምፕ ሳጋጥም ነው፤ መጋጠሚያው ውስጥ ሣር የገባበት ቱቦ ውኃ እንደማይዝ ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም። ጺሜን በየቀኑ የምላጭ በመሆኔ ያንኑ ማስክ በራሴ ፊት ሞከርሁት፤ ትንፋሽ ታህል አላፈሰሰም። ስለዚህ ማስኩ እንከን የለውም፤ እንከኑ ከመራጩ ነው።

፪. ስለ ማስተካከሉ ያለኝ ምስጋና ከዚህም ይበልጣል። አየር እንደሚያመልጥ ስናመለክት «ማሰሪያውን አጥብቁት» ተባልን፤ አጠበቅነው፤ የአፍንጫቸው አጥንት ቆሰለ፤ አየሩም ማምለጡን አልተወም። ቀጥላችሁ ግፊቱን ሐኪሙ ካዘዙት በላይ ከፍ አደረጋችሁት። በሚያፈስ ቱቦ ላይ የፓምፑን ጉልበት መጨመር በእኛ ሙያ ከሥራ ያስባርራል፤ በእናንተ ዘንድ ማስተካከል ይባላል። መሣሪያው እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ ቢያድር ባለቤታቸው ወይዘሮ ዕንቁ «ማንኮራፋቱ በስንት ጣዕሙ፤ እሱን እንኳ ለምጀው ነበር» አሉ።

፫. አየሩን በሚያረጥበው የመሣሪያው የውኃ ማጠራቀሚያ «ንጹሕ ውኃ ብቻ ጨምሩ» ተብለው ነበርና፣ ወይዘሮ ዕንቁ በቤታቸው ካለው ሁሉ የሚነጻውን ጨመሩ፤ ይኸውም ጸበል ነው። በካህን ቤት ከዚያ የነጻ ውኃ አይታወቅም። ጸበሉ ከዓለት የሚፈልቅ በመሆኑ ማጠራቀሚያው ነጭ ቅርፊት ያዘ፤ እናንተም አላግባብ አጠቃቀም ነው ብላችሁ ዋስትናውን ሰረዛችሁ። ከእንፋሎት የተጠራቀመ ውኃ ማለታችሁ እንደ ነበር ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትጨምሩ ምላሳችሁ ባልደከመ ነበር።

፬. በክረምቱ «አሁን መንገዱ ውኃ ነው፤ ሲጎድል ቤታቸው ድረስ መጥተን እናያለን» ላላችሁት ቃል እናመሰግናለን። ውኃው ጎደለ። ሩዙም ታጨደ፤ ከብቱም ቃርሚያው ላይ ተለቀቀ። የምትጠብቁት ጣና እስኪደርቅ ከሆነ ቁርጡን ንገሩን።

፭. ይህኛው ቅሬታ ቢባል ያንሰዋል። ተስፋ ስንቆርጥ ከወንድሜ ጋር ቢሮዎ ድረስ መጣን፤ አቶ ሉቃስም በሰው ፊት «አባ፣ ይላጩት። ጺም ይበቅላል፤ ነፍስ ግን አይበቅልም» አሏቸው። መልካም አባባል ነው፤ መደርደሪያው ላይ አንድ ዓይነት ማስክ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ የግድ ነው። ወንድሜ አልተቆጡም፤ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ተላጭቼ ብወጣ ሕዝቡ መስቀሌን መሳለሙን ትቶ አገጬን ሲያይ ይውላል» አሉ። እርስዎም ለደብዳቤዬ በሰጡት በዚያ አንድ መልስ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ፣ ታካሚው ጺማቸውን ለመላጨት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ለሕክምናው ተባባሪ አይደሉም ሲሉ ጻፉልን። አርባ ዘመን የቀደሱ ካህን በእርስዎ አንድ መስመር አስቸጋሪ ሆነው ቀሩ።

በዚያው ዕለት ቢሮዎ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል አየሁ። ፈገግ እንዳለ የተኛ ሰው ነው፤ ያደረገው ማስክ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ብቻ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ነው፤ አገጩን አይነካም። አገጩ ደግሞ እንደ እንቁላል የጸዳ ነው። ጺም የማይነካው ማስክ ጺም ለሌለው፣ ጺም የሚነካው ጺም ላለው መታደሉን ባየሁ ጊዜ የድርጅትዎን አሠራር ተረዳሁት። ያንን አምጡልን ብላቸው አቶ ሉቃስ «እሱ ለማስታወቂያ ነው» አሉኝ።

አሁን ያለንበትን ደግሞ ይስሙ። ባለፈው አንዲት የንስሐ ልጃቸው እየተናዘዘች ሳለ ወንድሜን እንቅልፍ ጣላቸው። እሷ ደግ ሰው ናትና «ኃጢአቴ እንዲህ የሚያስተኛ መሆኑን ባውቅ ይኼን ሁሉ ዓመት ባልፈራሁ ነበር» እያለች ራሷ ለጎረቤት አውርታ አሳቀች። ወንድሜ አልሳቁም። ጽዋ ይዤ ቢወስደኝስ ብለው ለደብሩ አስተዳዳሪ አመለከቱና ከቅዳሴ ተራ ወጡ። ዛሬ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ጺማቸውን ያልተላጩት ለመቀደስ ነበር፤ ጺማቸውን ስላልተላጩ መቀደስ ቀረባቸው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እጠይቅዎታለሁ፦ ሥዕሉ ላይ ያለውን ዓይነት ማስክ በየልኩ አስመጥተው ወንድሜ እንዲሞክሩት ያድርጉ፤ ግፊቱን ሐኪሙ ወዳዘዙት ይመልሱ፤ ተባባሪ አይደሉም ያሉትን ቃል በዚያው ማኅተም ይሰርዙ። ይህ ሁሉ የሚከብድዎ ከሆነ መሣሪያውን መልሰው ይውሰዱና ግድግዳው ላይ ላለው ሰውዬ ይስጡት፤ እሱ ያለ መሣሪያውም ደኅና የሚተኛ ይመስላል።

ለድርጅትዎ ዕድሜ፣ ለመደርደሪያዎ በረከት፣ ለራስዎም ያልተቋረጠ ትንፋሽ እየተመኘሁ፣

ጺሙን በገዛ ፈቃዱ የሚላጭ አክባሪዎ፣
አዛናው ይሄይስ
ወረታ፣ ኅዳር ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለወንድሜ ሳነብላቸው ቃሌ እንደ መረረ ገሥጸውኝ፣ በጸሎታቸው ሊያስቡዎ ስለ ፈለጉ የክርስትና ስምዎን እንድጠይቅላቸው አዘዋል። እባክዎ ሳይዘገዩ ይላኩልን። ጸሎቱን ሳያጋምሱ እንቅልፍ ስለሚጥላቸው ስምዎን ከሁሉ በፊት እናስቀድምልዎታለን። የእኔ ስም የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከክረምቱ ወዲህ ተራው ደርሶት አያውቅም።