አሥራ አራተኛው ሥዕል

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ይወርዳል። አውቶቡሱ ዘገየ። ዛሬም ከአዲሱ የቀጠሮ ፕሮግራም ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ።

ድሮ እኮ ቀላል ነበር። ማሞቂያው የተበላሸበት ሰው ይደውላል፣ ቀኑንና ሰዓቱን እይዛለሁ፣ ጠጋኝ እልካለሁ... አለቀ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። አሁን አለቃዬ ዌንደል ዘመናዊ ነገር ገዛሁ ብሎ መጣ። ሁሉ ነገር በቀለም ነው አሉ። ቀይ የተያዘ፣ አረንጓዴ ክፍት፣ ግራጫ ዕረፍት የወጣ። ለእኔ ምን ሊረባኝ? ስክሪኑን የሚያነብልኝ ለፍላፊው እንኳ ግራ ገብቶት፣ "ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ሥዕል። ሥዕል።" ይላል። የምን ቁልፍ? የማን ሥዕል?

ጠጋኞቹን በስማቸው ፈንታ በፎቷቸው ደርድረዋቸዋል። አርቪድ ሲስቅ ያምራል አሉ። ይመር።

ኖቬምበር 5

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ቁልፎቹና ሥዕሎቹ ስም የላቸውም፣ ስም ስጡልኝ። መልስ መጣ። "ስለጻፉልን እናመሰግናለን! እባክዎ ከታች ያለውን ሥዕል ይመልከቱና ቀዩን ቀስት ይከተሉ።"

ኤዲያ! ቀዩን ቀስት!

ኖቬምበር 6

መላ ዘየድኩ። መቁጠር። አርቪድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የትኛው ሥዕል የማን እንደሆነ ነገረኝ። ከላይ ጀምሬ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውን ታብ አሥራ ሦስት ጊዜ ስጫን ቦይድ፣ አሥራ አራት ስጫን አርቪድ። ከዚያ ኢንተር፣ ይላካል። እንዳይምታታብኝ በግራ ጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ እቆጥራለሁ። ቤት ገብቼ ሾርባ ስጠጣም ጣቴ አላቆመ።

ዌንደል፣ "ምንድን ነው፣ ከበሮ መማር ጀመርሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ ለቀብርህ።"

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልለመድሽው፣ ቬርና... ሌላ ሰው መፈለጌ ነው" አለ።

አሥራ አንድ ዓመት! እንዲህ በቆመበት።

ኖቬምበር 7

ነገ የአጋዘን አደን ወቅት ይከፈታል። ቦይድ ጠመንጃውን ጭኖ ሄደ። ሳምንት ሙሉ ስልክ የማይሠራበት ጫካ ውስጥ ነው። ቀናሁበት።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

ወይ ጣጣ። ወይ እኔ።

ወይዘሮ ትቬት ትናንት ጠዋት ደውለው ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማሞቂያው ጠፋብኝ አሉ። "አርቪድ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣልዎታል" አልኳቸው። ቆጠርኩ። አሥራ አራት። ኢንተር።

ማንም አልሄደም። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የምድጃውን በር ከፍተው፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው አደሩ። ለምን ደግመው አልደወሉም? "ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም" አሉት አርቪድን፣ ዛሬ ሄዶ ሲሠራላቸው። የዚህ አገር ሰው ማስቸገርን ያህል የሚፈራው ነገር የለም።

ስክሪኑን አይቶ የነገረኝ አርቪድ ነው። ፕሮግራሙ እሁድ ራሱን ሲያድስ ከላይ አንድ ቁልፍ ጨምሯል። "ጓደኛዎን ይጋብዙ" ይላል አሉ፣ ለሚያይ ሰው። ለእኔ እንደሌሎቹ "ቁልፍ" ነው። ሁሉም አንድ አንድ ወደ ታች ወረደ። አሥራ አራተኛው ቦይድ ሆነ። የሌሎቹን ቀጠሮ ጠጋኞቹ እርስ በርስ ተደዋውለው አስተካክለውታል። የወይዘሮ ትቬትን ማሞቂያ ግን አጋዘን ለሚያሳድድ ሰው ላክሁት!

ኖቬምበር 12

ግድግዳው ስስ ነው። ዌንደል ወይዘሮ ትቬትን ስልክ ላይ ይቅርታ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። "የቀጠሮ ሠራተኛችን ዓይነ ስውር ናት፣ ምን እናድርግ..."

ደሜ ፈላ። ጥፋተኛው የእኔ ዓይን ሆነ?

ግን እዚህ ለማን እዋሻለሁ? ማን እንደተላከ ሳላረጋግጥ ነው "ይመጣልዎታል" ያልኳቸው። እሱ የእኔ ነው። ካፖርቱ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

ኖቬምበር 14

ዌንደል ቢሮ ገባሁ። አላንኳኳሁም።

"ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍተህ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ደውል።"

"ለምን?"

"እኔን ከማባረርህ በፊት ደውልልኝ።"

ሦስት ሰው ካለፍን በኋላ ኪራን የሚባል፣ ፕሮግራሙን ከሚሠሩት አንዱ፣ ስልኩን አነሳ። "ፕሮግራማችን ለሁሉም ሰው ምቹ ነው፣ ምርመራውን አልፏል" አለ።

"ጎሽ። በል ስክሪኑን ሳታይ አርቪድን ላክልኝ። አንተ እዘዘኝ፣ እኔ እጫናለሁ።" ለፍላፊውን ከፈትኩለት። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ሥዕል። ሥዕል።

"ቆይ... አሁን የቱ ጋ ነን?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?"

ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሁለቴ ቦይድን ላከ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ይሠሩ ነበር?" አለ ኪራን ቀስ ብሎ።

"እየቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላችሁ፣ የቀይ ቀስት ሥዕል ላካችሁልኝ።"

"ይቅርታ፣ እኔ አላየሁትም።"

"እኔም።"

ስወጣ ዌንደል ተከተለኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" ይላል!

"ጠረጴዛ ስደበድብልህ ከረምኩ። ከበሮ መሰለህ።"

ኖቬምበር 21

"እየሠራንበት ነው" አሉ። እስከዚያ ከመላኬ በፊት አርቪድ እየመጣ ስሙን ያነብልኛል። እንደ ሕፃን። ተናደድኩ። አመሰገንኩትም።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

ፕሮግራሙ ትናንት ታደሰ። ዛሬ የመጀመሪያዋ ደዋይ ማን ትሁን? ወይዘሮ ትቬት። ማሞቂያው እንደገና ጠፍቷል። ድምፄን ለዩት።

"አንቺ ነሽ፣ ልጄ... ዓይነ ስውሯ?"

"እኔ ነኝ። ያን ቀን የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አይ፣ ማስቸገር አልፈልግም..."

"ያስቸግሩኝ። በየሰዓቱ ይደውሉና ይነዝንዙኝ።"

ሳቁ። ታብ ጫንኩ። ለፍላፊው፣ "ቦይድ፣ ተይዟል" አለ። ታብ። "አርቪድ፣ ስምንት ሰዓት፣ ክፍት።" ኢንተር። "አርቪድ ለወይዘሮ ትቬት፣ ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት፣ ተልኳል።"

"ማነው የሚያወራው?" አሉ።

"ምስክሬ ነው።"

ዌንደል በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "ዛሬ ከበሮ የለም?" አለ። እውነትም ጣቴ ዝም ብሏል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና፣ "ለቦታሽ ማስታወቂያ አዘጋጅቼ ነበር... ቀድጄዋለሁ" አለኝ። ደግ አደረግህ ልበለው እንዴ? የሚቀጥለውን ስልክ አነሳሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ራሴ ለወይዘሮ ትቬት ደወልኩ። አርቪድ መጥቷል? መጥቷል፣ ብስኩታቸውን እየጨረሰው ነው።

"ቤቱስ ሞቀልዎት?"

"ካፖርቴን አውልቄያለሁ" አሉኝ።