ሂሩት የማታነበው ገጽ

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የካ አባዶ

ዛሬ የኮምፒውተሬን ሲስተም ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቀየርኩት፤ ያውም የሚያይ ሰው አጠገቤ ሳይኖር! መጫኛ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ በድምፅ እየመራ አስጨረሰኝ። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚነግረኝ የድሮው ስክሪን አንባቢዬ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዝም ይል ስለነበር፣ ማስታወሻዬን መልሳ የምታነብልኝ እህቴ ሂሩት ነበረች። አዲሱ ግን አማርኛ ያነባል! ገና ቋንቋውን እንደሚለማመድ ፈረንጅ ይኮላተፋል እንጂ አንዲት ቃል አይዘልም።

“ዛሬስ ላንብብልሽ?” አለችኝ ሂሩት ወንበር ስባ።

“ተይው፣ ራሱ ያነብልኛል።”

“ውይ! ስለ እኔ ምን ጻፍሽ?”

ሳቅኩና የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ሂሩት እንከን የሌላት መልአክ ነበረች፤ የምታነበው ራሷ ሆና ሌላ ምን ልጻፍ? አሁን ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ይጻፍ፦ የሂሩት ሽሮ ጨው ይበዛበታል። ሁልጊዜ።