ከማስታወቂያው የተረፈው

ውድ እማዬ፣

ከቤት ወጥተሽ የጠፋሽ ዕለት «ጸሐፊዋ አለች አይደል፣ ማስታወቂያውን እሷ ትጻፈው» አለ ወንድሜ። ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ሞላሁ። የመርሳት ሕመሙ ስማችንን ሲያስረሳሽ የስፌት መኪናሽን ግን እንዳልረሳሽ፣ ስትስቂ አፍሽን በመዳፍሽ እንደምትሸፍኚ፣ ስትቆጪን እንኳ «የኔ እናት» ሳትይ እንደማትጨርሺ ጻፍኩ።

የምጽፍበት መጽሔት አርታኢ ሁለቱንም ገጽ አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ እርሳስ አነሳ።

«ይሄ የሚጻፈው ሰው እንዲወዳቸው ነው ወይስ አይቶ እንዲለያቸው?»

«እንዲለያት።»

«እንግዲያው ምን ለብሰው እንደወጡ ንገሪኝ።»

ግራጫ ሹራብ አልኩት። የግራ እጅሽ ጠባሳ ማስታወቂያው ውስጥ ገባ፤ የትምህርት ቤት ልብሴን ስትተኩሺ በካውያ መቃጠልሽ ወጣ። ሳቅሽም ወጣ። «የጠፋ ሰው መንገድ ላይ አይስቅም» አለኝ። በጣም ተናደድኩበት፤ ግን ልክ ነበር። መጨረሻ ላይ ጥቂት መስመር ሆንሽ።

አንቺስ ያው አልነበርሽ? እየሰፋሽ ታሪኮቼን ሳነብልሽ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ለማን ነው? ሳትለኪ ነው የቀደድሽው» ትዪኝ ነበር። ደግሞ ጀመረች እያልኩ እስቅብሽ ነበር።

ማስታወቂያውን በየግድግዳው ለጠፍነው፤ ዝናብም መታው፤ ወራትም አለፉ። ብዙ ሰው ደወለ። በሄድን ቁጥር የምናገኛት ግን የሌላ ሰው እናት ነበረች።

ትናንት ወንድሜ መጣ። ዓይኑ አብጧል።

«ቁርጣችንን እንወቅ በቃ። ዘመድ ይጠራና ይለቀስላት። የሕይወት ታሪኳን ጻፊ።»

አልፈረድኩበትም፤ ፍለጋው እሱንም ጨርሶታል። ሳቋ ይግባ፣ የካውያውም ነገር እንዳይቀር አለኝ። ያን ጊዜ የወጣው ሁሉ አሁን ይፈለጋል። ሹራቡና ጠባሳው ግን አያስፈልጉም፤ የሞተ ሰው አይፈለግማ።

እማዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ። የሕይወት ታሪክሽን ልጀምር ተቀምጬ ይሄን ደብዳቤ ጻፍኩ። ለምን ይጠቅማል ትዪኝ ይሆናል። ማንም አያገኝሽበትም፣ ማንም አያለቅስሽበትም፤ እጅሽ ቢገባ እንኳ ማን እንደጻፈው አታውቂም። ብቻ እየጻፍኩ ሳለሁ ከፊቴ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ። ስጨርስ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «ጨረስሽ?» ይለኛል።

ገና ነኝ።

ልጅሽ