የወለቃው ፍሬን

ኤሌኒዬ፣
ለአሮጊቷ ሯጭ ማኪናሽ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገጥሜያለሁ። ካንዴላዎቹም ተቀይረዋል። የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ሳስቷል፤ ለመካኒክ አሳዪው።

ወለቃ ቁልቁለት ላይ የዚያችን መንገድ ዳር የምትሸጥ ሴትዮ ሸክላ የሰባበርሽው በፍጥነትሽ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ተውሼያት ማክሰኝት ስሄድ ፍሬኗ ይፋጭ ነበር። መካኒኩ አያ አድማሴ «ሸራው አልቋል፤ ሳይቀየር እንዳትነጂያት» አለኝ። ልነግርሽ ረሳሁ።

አልረሳሁም። «አንቺ ነሽ የጨረስሻት» ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

አባትሽ «እብድ ነጂ» ብለው ሲቆጡሽ አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልሁ። አንቺም ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥሽም።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ወለቃ ሄጃለሁ፤ ሴትዮዋ እውነቱን ከኔ ትስማ። ከዚያ አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ።

ከሁሉ በፊት ላንቺ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። አቃተኝ።

ጽጌሬዳ