ዘይቱ ሙሉ ነበር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአሸናፊ፣

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁና ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጽፍልህ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ይህ ወረቀት ሞያሌ ሲገባ በጤና ያግኝህ። የእኔ ጉልበት ዳገት ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ አባያ ዳርቻውን አልፎ ወጥቷል፤ የላንቴ ሰዎች ሙዛቸው ውሃ ውስጥ ቆሞባቸዋል።

የሮማነወርቅ ሰርግ ለጥር መቆረጡን ጽፋልሃለች። መልስህን አነበበችልኝ፤ ኋላ ብቻዬን ስሆን እኔም ደግሜ አነበብኩት። «ስጦታ እልካለሁ እንጂ አልመጣም። አባቴን መንገድ ላይ ያስቀረሁ ሰው በምን ፊቴ ድንኳን ውስጥ እቀመጣለሁ?» ብለሃል። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠህ እንደማታውቅ፣ ሌሎች በሚነዱት መኪና ላይ ጆንያ እንደምትጭን ወደ ሞያሌ የሚመላለሰው ዘካሪያስ ነግሮኛል። እህትህ ግን አልተቀበለችህም። «የአባባን መኪና ወንድሜ ካልነዳልኝ ሙሽራው ቤት በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። አጎትህ አስናቀም «በእግርሽ ይሻልሻል፣ ቶሎ ትደርሻለሽ» አላት። ሳቅን።

መኪናው አንተ እንደተውከው ማንጎው ሥር ነው። ዶሮዎች ጋቢናው ውስጥ ይፈለፍሉበት ነበር። ባለፈው ሳምንት መካኒክ አስጠራሁ። ጋሻዬ ይባላል፤ ከዲላ የመጣ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ስለመጣ አታውቀውም። ያን ጊዜ መኪናውን ያየው ሌላ ነበር።

ያን ጊዜ ስል፣ ከመጀመሪያው ልነሳ። ሁዳዴ ነበር። ከላንቴ የጫንከውን ሙዝ አራግፈህ ገባህና የሞተሩን ክዳን ከፍተህ አየህ። «እማዬ፣ የፍሪሲዮኑ ዘይት ዝቅ ብሏል። ከቅዳሴ ስመለስ እሞላዋለሁ» አልከኝ። ፊትህ በድካም ገርጥቶ ነበር። ስትመለስ ሙሉ ሆኖ አገኘኸው። «አባባ ቀድሞኛል» ብለህ ክዳኑን ዘጋህ። አባትህ በማግስቱ ለለቅሶ ወደ ገረሴ ወጣ፤ እርሱን ሳትጠይቀው፣ እርሱም ሳይነግርህ ቀረ። በዚያ ሳምንት እራት ላይ «ፔዳሉ ሰንፏል፣ ረግጬው ቶሎ አይመለስም» ስትል ሰማሁህ። እኔም ሽሮ ጨመርኩልህ።

ከዚያ አባትህ ወልደ ሚካኤል ገረሴ ላይ ታሟል የሚል መልእክት መጣና ልታመጣው ሄድክ። መንገዱን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጭቃው መሀል ፔዳሉ ወለል ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ማርሽ አልገባ አለ። ክዳኑን ብትከፍት ዘይቱ ሙሉ ነው። አባትህ «አትታገለው ልጄ፣ ሰው ጥራ» ብሎህ እንደነበር አንድ ቀን ብቻ ነግረኸኛል። የአገሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸከሙት፤ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አለፈ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያ የቀድሞው መካኒክ የፈረደውን አልረሳም። «ዘይት ካልጎደለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተቃጥሏል። ሸራ የሚያቃጥል ደግሞ እግር ነው» አለ። አስናቀ ወንድሙን ያጣ ሰው ነውና ተቀበለው። «እግረ ከባድ ነው፤ ፍሪሲዮን ላይ እንደ ትራስ ይተኛበታል» አለ። ሴቶቹ ጋ ሲደርስ እግረ ከባድ የተባለው እግረ ደረቅ ሆነ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በመካከላቸው ነበርኩ። «ዘይቱ ሙሉ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ቀና አላልኩም። አንተም በሩ አጠገብ ቆመህ ሰማሃቸው፤ አርባው ሳይወጣ ሄድክ።

ከሄድክ በኋላ መንጃ ፈቃድ የተማርክበትን መጽሐፍ አውርጄ አነበብኩት። ፊደል የለየሁት ከአንደኛ ክፍል ደብተርህ ላይ ስለሆነ ላንተ የተጻፈ ሁሉ ለእኔም የተጻፈ ይመስለኛል። ስለ ዘይት ዓይነቶች የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ አላውቅም።

አሁን ወደ ጋሻዬ ልመለስ። አስናቀ እንደመጣ «ካምቢዮውን አውርደው፣ ሸራው ነው» ብሎ አዘዘው።

«ጋሼ አስናቀ፣ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ምላሱ ይታያል እንጂ ሆዱ አይቀደድም» አለው ጋሻዬ።

ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። ወርዶ እዚያው ቀረ። ዘይቱን አየ።

«ሙሉ ነው አይደል? አላልኩም?» አለ አስናቀ።

ጋሻዬ መኪናው ሥር ገባ። «እትዬ ልክነሽ፣ ጋቢናው ውስጥ ገብተው ይርገጡልኝ» አለኝ። ያን ፔዳል ረግጬ አላውቅም ነበር። አንተ በምትቀመጥበት ተቀምጬ፣ እግርህ ባረፈበት እግሬን አሳረፍኩ። ረገጥኩ። በእጄ ስቤ መለስኩት፤ እንደገና ረገጥኩ።

«አይነቃነቅም» አለ ከሥር። «እግር ይረግጣል፣ ኃይሉ ግን ታች አይደርስም። ሸራው ጋ ሳይደርስ ነው የቀረው። በሽታው ከላይ ነው።»

ወጥቶ ከዘይቱ በጣቱ ነካ አደረገና አሸተተው። ግንባሩን ቋጠረ። ብርጭቆ ውሃ አስመጣና ጠብ አደረገበት። «ፍሪሲዮን የሚጠጣው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል» አለ። ይሄኛው ግን ወጥ ላይ እንዳለ ዘይት ክብ ክብ ሠርቶ ተንሳፈፈ። ቀጥሎ ላይኛውን ፓምፕ ፈታው። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ዘይቱን የሚገፉት ላስቲኮች፣ አብጠዋል፤ አድሮ ውሃ የጠጣ ባቄላ ነው የሚመስሉት። «ሌላ ዘይት ሲነካው ጎሚኒ እንዲህ ያብጣል። መጀመሪያ ፔዳሉ ይሰንፋል፣ ኋላ ጨርሶ ይቀራል። የትኛውም ሾፌር፣ እግሩ ላባ ቢሆን እንኳ፣ አያድነውም።»

ይህን ሁለት ጊዜ እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት። ደገመልኝ።

ከዚያ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ገልብጦ ሲያራግፍ ከሥሩ አንዲት ቡናማ ፍሬ ወጣች። በካቻቢቴው ጫፍ አንስቶ አያት። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ወጥ ትሠራ ነበር እንዴ?»

አስናቀ ፍሬዋን ተቀብሎ በጥፍሩ ፈረከሳት። «ኮረሪማ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አስናቀ በየጾሙ ከማዕዳችን ጠፍቶ አያውቅም። በዚህ ሰፈር ኑግ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ኮረሪማ የሚጣልበት ቤት የትኛው እንደሆነ እንደ አንተ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አሁንም መሪው ጋ ነበርኩ።

«ነፋስ ያመጣት ትሆናለች» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ኮረሪማ በነፋስ አይበርም፣ ልጄ። እርሱም ያውቃል።

ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ «ለልጁ ጻፊለት። እግሩን የሰደብኩትን እኔው ራሴ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለኝ። ድምፁን እንደዚያ ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጋሻዬ አዲስ ጎሚኒ ከሻሸመኔ አስመጣ። ቱቦውን አጥቦ ትክክለኛውን ዘይት ሞላ፤ ከዚያ አየሩን ለማስወጣት እንደገና እኔን አስቀመጠኝ። «ይርገጡ… ይያዙ… ይልቀቁ» እያለ ከሥር ይጠራኛል፤ እኔም እረግጣለሁ። መጀመሪያ እንደ ባዶ ከረጢት ነበር። ቀስ እያለ እግሬን መግፋት ጀመረ። ዘካሪያስ ባትሪ አዋሰንና ሞተሩ ተነሣ፤ ዶሮዎቹ ሸሹ። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። ሸራው ጤነኛ ነው። ያን ጊዜም ጤነኛ ነበር። አንተ ምንም አላቃጠልክም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳታልፈው ደግመህ አንብበው።

ያን ዘይት የሞላው ሰው፣ ልጄ፣ ክፋት አልነበረበትም። ደክመህ ስለገባህ ሊያግዝህ ነው ያሰበው። አንተ ዘይት አልክ፤ የምን ዘይት እንዳልክ አልጠየቀም። ቀለሙም ማር መሳይ ነበር፣ ቤት ውስጥ እንዳለው። በቤቱ ካለው ንጹሑን መርጦ ቀዳ። ያ ክፋት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን ሌላ ነው፤ ለእርሱ ስም አላገኘሁለትም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤ አላገኘሁለትም።

አሁን ሱቅ ስሄድ ዘይት ብዬ አልጠይቅም። የምግብ ዘይት እላለሁ። ባለሱቁ «ሌላ የምን ዘይት ልሰጥሽ ኖሯል?» እያለ ይስቅብኛል።

ይህን ደብዳቤ ዘካሪያስ ያደርስልሃል። ከውስጡ በብራና ወረቀት የጠቀለልኩትን ታገኛለህ። አንዱ ያበጠው ጎሚኒ ነው። ሌላው ያቺ የተፈረከሰች ፍሬ ናት። አሽታት። ዘይቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ይዟት ሽታዋ አልለቀቀም። ከአፌ ያልወጣውን እርሷ ትንገርህ። ከነገረችህ በኋላ መምጣት ካልፈለግክ አልፈርድብህም፤ ባትመጣም ግን ከእንግዲህ ምክንያትህ ያ መንገድ እንዳይሆን። ከመጣህ የምትጠይቀኝን ጠይቀኝ፤ ቀና ብዬ እመልስልሃለሁ።

የመኪናው ቁልፍ ከአባትህ ፎቶግራፍ ሥር ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጋቢናውን አጥቤዋለሁ። እህትህ ጫማዋን እስካሁን አልገዛችም፤ «በእግሬ ከሆነ የምሄደው ሸራ ጫማ ነው የምገዛው» ትላለች።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። አባትህን የተሸከሙትን ሰዎች እጅ ይባርክልን። ያንተንም እግር፣ ያለ በደሉ ደረቅ የተባለውን፣ በገባህበት ሁሉ ርጥብ ያድርገው።

እናትህ
ልክነሽ