ገጽ አምስት የቀረችው መርከብ

ሰኞ፣ ኅዳር 1992፣ ቢቸና

አንገቴ ሊቀነጠስ ነው። ጋዜጣው የተለጠፈው ተዘቅዝቆ ነው! የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ በሙሉ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። አልጋዬ አጠገብ ያለው በቀድሞው መንግሥት ጊዜ በነበረው ጦርነት ስለሰመጠች የባህር ኃይል መርከብ ነው፤ የሚተርከው የተረፈ መርከበኛ። መርከቧ ተመታች፣ እሳት ተነሳ፣ ሰው ወደ ውሃው ዘለለ። «የቢቸናው ልጅ፣ ምግብ አብሳያችን ይርጋም ከእኛ ጋር ነበር» ይልና፣ ወደ ገጽ 5 ዞሯል። ገጽ 5 የት አባቱ ገባ?

ማክሰኞ

አራቱንም ግድግዳ ፈተሽኩ። የኳስ ውጤት፣ ጨረታ፣ የጠፋ ማኅተም። ገጽ 5 የለም። ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሮ ግድግዳ አነባለሁ።

ረቡዕ

አከራዬን እትዬ ጥሩነሽን ጋዜጣውን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። ማንበብ አይችሉም፤ የለጠፉት ግን ራሳቸው ናቸው። ሞጣ ያለችው እህታቸው የሺ ከራሷ ቤት የተረፈውን ልካላቸው ነው።

ይርጋ የሚባል ሰው ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሰፌዱን አስቀመጡት። ታናሽ ወንድማቸው ነው።

«ባህር ኃይል ነበር። ሞተ ይሉኛል፤ ማን አየው? ለወንድሜ በቁሙ ፍትሐት አላስፈታም። ስሙን ማን ነገረሽ?»

ሰው ሲያነሳው ሰማሁ ብዬ ዋሸሁ። ግማሽ ወሬ ይዤ ምን ልበላቸው?

ቅዳሜ፣ ሞጣ

ሞጣ ጉዳይ አለኝ ብል እትዬ ጥሩነሽ ለእህታቸው ቅቤ አስያዙኝ። እትዬ የሺ ቤት ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። ያው ጋዜጣ፣ እዚህ ግን ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። ገጽ 4 አለ። ከጎኑ፣ ገጽ 5 መሆን ባለበት ቦታ፣ ትልቅ ሥዕለ ማርያም ተሰቅሏል።

ቢቸና ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ቅቤውን አስቀምጠው እውነቱን አወጡት። ጋዜጣውን ባላቸው የመርከቧን ወሬ አይተው ከአዲስ አበባ ያመጡት ነው፤ ልጃቸው አነበበችላቸው። የፊተኛው ገጽ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢቸና መሄዱን አላወቁም። ለወንድማቸው እዚሁ ሞጣ ፍትሐት አስፈትተዋል፤ ማንም ሳይሰማ።

«እሷ በር በሩን እያየች፣ ምን ብዬ ልንገራት?»

ሥዕሉን ራሳቸው አወረዱት። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ላጡት። ነገ አብረን እንሄዳለን አሉ።

እሑድ፣ ቢቸና

እትዬ የሺ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ለእትዬ ጥሩነሽ እኔ አነበብኩላቸው። ይርጋ ሳንቃ ይዞ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ፣ ጓደኞቹ እንዳያንቀላፉ በየስማቸው እየጠራ ሲቀልድባቸው፣ ሲሰድባቸው ነበር። ሊነጋጋ ሲል ድምፁ ጠፋ።

እትዬ ጥሩነሽ ሳቁ! «እሱ እኮ አፉ አያርፍም ነበር!» ሳቃቸው ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። ደነገጥኩ። እትዬ የሺ ከድሮም አውቀው እንደነበር ሲነግሯቸው፣ ይቆጧቸዋል ብዬ ስፈራ፣ የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና «ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን አለቀስሽ?» አሉ።

አሁን ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ክፍሌ ገብቼ፣ ምን አገባኝ ነበር እያልኩ ራሴን ስወቅስ እትዬ ጥሩነሽ በሩን ከፈቱት። ዓይናቸው አብጧል።

«ነይ እንጂ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ይስማ፤ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»