ስምህ ያለበት የግርጌ ማስታወሻ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ካሌዶኒያን ሮድ ካለችው ክፍላችን ወጥተናል፤ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ቶተንሃም ቤት ሰጠን። ከኪየቭ፣ ከወንዙ ዳር ያመጣኸውንና ከኪስህ የማይለየውን ድንጋይ እማዬ የወጥ ቤቱን በር ታስደግፍበታለች። ስቆጣት፣ «ድሮስ ምን ሥራ ነበረው?» ትለኛለች።

ሥራማ ነበረው። ዌምብሊ የመኪና ማቆሚያ ስትጠብቅ፣ ቅዳሜ ምሳህን ሳመጣልህ እሱን አውጥተህ ታስተምረኝ ነበር። ሩሲያው፣ ፖላንዱ፣ ቼኩ ድንጋይን ምን እንደሚሉት እያስተያየህ፣ ተጽፎ ወዳልተገኘው የስላቮች የጥንት እናት ቃል ትወስደኛለህ። ካሚ። ከፊቱ ኮከብ ትስልለታለህ፤ «የኖረ፣ ግን ተጽፎ ያልተገኘ ማለት ነው» እያልክ። ከዚያ እርባታው ይቀጥላል፤ ድንጋዩ ካሚ፣ የድንጋዩ ካሜኔ፣ ለድንጋዩ ካሜኒ። አያትህ አንተን ዳዊት እንዳስደገሙህ ታስደግመኛለህ። ስሳሳት፣ «ድንጋዩ ወደቀብሽ፣ ተመለሺ!» ትላለህ። ሹፌሮቹ ቲኬታቸውን ይዘው ይስቁብን ነበር።

ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ቃል ላይ ጻፍኩ። ስለ አመጣጡ ያልኩት ሐሳብ ያንተ ነው፤ የሊትዌኒያው የድንጋይ ስም በ«አ» ሲጀምር ካሚ ለምን እንደጣላት የነገርከኝ። ስለዚህ የአብነት ተማሪ መምህሩን እንደሚጠራ ከግርጌው ስምህን ጠራሁ፤ «በቃል የተማርኩት ከአባቴ ነው» ብዬ።

መምህሬ በቀይ ሰረዘችው። የመኪና ጠባቂ ምንጭ አይሆንም አለችኝ። «ሐሳቡ ግን ግሩም ነው፣ ስሙን አውጪና የራስሽ አድርጊው፤ አለዚያ ማርክሽ ይወርዳል» አለች። ሌባ ሁኚ ስትለኝ የመከረችኝ መስሏታል! ኪየቭ ስድስት ዓመት መማርህን፣ ዲግሪህን እዚህ የሚያይልህ ጠፍቶ እዚያች የጥበቃ ክፍል ውስጥ ማርጀትህን ነገርኳት። አዘነች። አዝናም ስምህን ወደ ቦታው አልመለሰችውም።

እኔ መለስኩት። በጥቁር ቀለም፣ ከነማዕረግህ። ማርኬ ወረደ፤ የጠበቅኩት ስኮላርሺፕም ቀረ። እማዬ አለቀሰችብኝ። በኋላ ግን ገጹን አምጪው አለችና ስምህ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች።

ሌላ ቦታ አፕላይ አደርጋለሁ። አንተን ግን ማንም ከስምህ ፊት ኮከብ አድርጎ አይጽፍህም፤ ኖረሃል፣ ተጽፈህም ተገኝተሃል።

ድንጋዩን ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ እማዬ በሩን በአሮጌ ጫማህ አስደግፋዋለች። እርባታውን በየቀኑ እደግመዋለሁ፣ አባዬ። ስሳሳት ተመልሼ ከካሚ እጀምራለሁ።

ልጅህ